ከርነል ከመቀየርህ በፊት፦ ሊኑክስ ላይ ጌም ለምን ይጎተታል?

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ አስረኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው። 8 ጊጋባይት ራም እና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ አለው። ዊንዶውስ ላይ 55 አካባቢ ፍሬም በሴኮንድ ይሰጠኝ የነበረ ጌም፣ ኡቡንቱ ላይ በፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው መሣሪያ) ስከፍተው ወደ 40 ወረደ። በዚያ ላይ በየመሀሉ ለቅጽበት ይቆማል፣ ስታክ ያደርጋል። ጌሞቹ ያሉት ከዊንዶውስ ጋር በጋራ በምጠቀምበት ዲስክ ላይ ነው። ቪዲዮ አይቼ ለጌም የተዘጋጀ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዝዘውን የሊኑክስ እምብርት) ጫንኩ፣ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ቦታ) አጠፋሁ፣ የፕሮሰሰሩን የደህንነት መከላከያዎች ዘጋሁ፣ ጌምሞድም ጨመርኩ። አሁን ጭራሽ 18 ገባ። አንዳንዴ ጌሙ ራሱ ድንገት ይዘጋል። ሌላ ኦንላይን ጌም ደግሞ ከነአካቴው አይከፈትም። ለጌም ወደተሠራ ሌላ ሊኑክስ ልቀይር? ወይስ ሊኑክስ ለጌም አይሆንም? እባካችሁ ንገሩኝ።»

መልስ፦ አትቀይር። ሊኑክስም ለጌም ይሆናል። ከ40 ወደ 18 ያወረደህ ኡቡንቱ አይደለም፤ ቪዲዮ አይተህ የጫንከው ከርነል ነው ብዬ እገምታለሁ። ጥያቄህ ውስጥ ያለው ችግርም አንድ አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበዋል። ገሚሶቹ ከመጀመሪያው ነበሩ፣ ገሚሶቹ ከማሻሻያው ጋር መጡ። ሁሉንም «ላግ» ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው አንድ መድኃኒት ያላቸው ይመስለናል። የላቸውም።

ከከባዱ እንጀምር። የኤንቪዲያ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) እንደ ኤኤምዲ እና እንደ ኢንቴል ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብሮ አይመጣም። ለእያንዳንዱ ከርነል ልክ የተሠራ የራሱ ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ፕሮግራም) ያስፈልገዋል። ኡቡንቱ ለራሱ ከርነሎች ይህን ሞጁል ገንብቶና ፈርሞ ያቀርብልሃል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ምንም ሳትነካ የሠራልህ። ከሌላ ቦታ ያመጣኸው ከርነል ግን እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ሞጁል የለውም። ሞጁሉ እዚያው ላፕቶፕህ ላይ እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ለግንባታው የከርነሉ ሄደር ፋይሎች መጫን አለባቸው፤ ከሌሉ ግንባታው ይከሽፋል። ተገንብቶ እንኳ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ) በርቶ ከሆነ፣ ባልታወቀ ቁልፍ የተፈረመ ወይም ጭራሽ ያልተፈረመ ሞጁል ከርነሉ አያስገባም።

የሚያሳስተው ነገር ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል። ዴስክቶፑ ይመጣል። ብሮውዘሩም ቪዲዮውም ይሠራል። ጌሙም ይከፈታል። ስዕሉን የሚሠራው ግን 1650ው ሳይሆን ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራው ደካማ ግራፊክስ ነው። ወይም ደግሞ ኑቮ የሚባለው ነጻ ድራይቨር ካርዱን ተረክቦ በዝቅተኛ ፍጥነት ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። 18 የሚለው ቁጥር ከዚህ ታሪክ ጋር በደንብ ይገጥማል።

ግምቴን አንተው ማረጋገጥ ትችላለህ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተርሚናል ክፈትና ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የሚባለውን መሣሪያ አስነሳ። የካርዱን ስም፣ ሙቀቱንና የሜሞሪ አጠቃቀሙን በሰንጠረዥ ካወጣልህ ድራይቨሩ በሕይወት አለ፤ እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ካለህ ግን ነገሩ አለቀ። ላፕቶፑን እንደገና አስነሳው። ዊንዶውስ ወይስ ኡቡንቱ ብሎ የሚጠይቅህ ማውጫ ላይ የኡቡንቱን ተጨማሪ አማራጮች ግባና የኡቡንቱን የራሱን ከርነል ምረጥ። እዚያ ሆነህ መሣሪያውን ደግመህ ሞክር። ከሠራ፣ የጫንከውን ከርነል አራግፈው። ድራይቨሩን እንደገና መጫን ካስፈለገህ ኡቡንቱ ውስጥ ባለው «ተጨማሪ ድራይቨሮች» በሚለው መስኮት በኩል ብቻ አድርገው። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የሚወርደውን መጫኛ አትጠቀም። እሱ ከኡቡንቱ የጥቅል አስተዳደር ውጭ ስለሚጫን፣ በሚቀጥለው የከርነል አፕዴት ወደዚሁ ችግር ሊመልስህ ይችላል።

ድራይቨሩ ከተመለሰ በኋላም ትክክለኛው ካርድ እየሠራ መሆኑን እይ። እንዳንተ ያሉ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው። ባትሪ ለመቆጠብ ዴስክቶፑን ኢንቴሉ ይይዛል፣ ከባዱን ሥራ ኤንቪዲያው ይረከባል ተብሎ ነው የተሠሩት። በፕሮቶን የሚከፈቱ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራውን ካርድ ራሳቸው ይመርጣሉ። ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩ፣ በተለይ ኦፕንጂኤል የሚባለውን የስዕል ማዘዣ ቋንቋ የሚጠቀሙ ጌሞች ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ኢንቴሉ ላይ ይሄዳሉ። ጥርጣሬ ካለህ በኤንቪዲያ ሴቲንግ መስኮት ውስጥ የፕራይም ገጹን ከፍተህ «ኤንቪዲያ (ፐርፎርማንስ ሞድ)» የሚለውን ምረጥ። ባትሪህን ይበላል። ቻርጀር ላይ ሰክተህ የምትጫወት ከሆነ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጌሙ ድንገት መዘጋት ልምጣ። ይህ በስዋፕ መጥፋት የመጣ ነው ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም። 8 ጊጋባይት ራም አለህ። ዴስክቶፑ፣ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት መተግበሪያ) እና አንድ ክፍት ብሮውዘር ከዚያ ላይ ጥሩ ድርሻ ይወስዳሉ። ጌሙ የቀረውን ይጠይቃል። ራሙ ሲሞላና መተንፈሻ ሲጠፋ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም መግደል ግዴታው ይሆናል። የሚመርጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ነው፤ ትልቁ ጌምህ ነው። «ስዋፕ ያዘገያል» የሚለው ምክር ምልክቱንና ምክንያቱን ያምታታል። የሚያዘገየው የራም ማነስ ነው። ስዋፕ ኤስኤስዲ ላይ እስካለ ድረስ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ነገሮችን ከመንገድ ያነሳልሃል። ስለዚህ መልሰው። 8 ጊጋባይት የሚሆን የስዋፕ ፋይል ይበቃሃል። ዜድራም የሚባለውን ብትጨምርበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ እሱ የማይፈለገውን የራም ክፍል እዚያው ራም ውስጥ አጭቆ ያስቀምጣል። ፌዶራ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ከ2020 ጀምሮ ይህን በራሱ አብርቶ ነው የሚመጣው።

የደህንነት መከላከያዎቹንም ዛሬውኑ መልሳቸው። እነዚህ በጥር 2018 ይፋ ለሆኑት ስፔክተር እና ሜልትዳውን ለተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች፣ ከዚያም ለተከታዮቻቸው የተሠሩ ናቸው። አስረኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከፊሉን መከላከያ በሃርድዌሩ ውስጥ ይዟል፤ በጌም ላይ የምታገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ በመለኪያው ስህተት ውስጥ የሚጠፋ ያህል ትንሽ ነው። በዚያው ላፕቶፕ ግን ኢሜይል ትከፍታለህ፣ የይለፍ ቃል ትጽፋለህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እነዚህ ከተስተካከሉ ወደ 40 ትመለሳለህ ብዬ አስባለሁ። ጥያቄው ያኔ ከ40 ወደ 55 እንዴት ይኬዳል ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ሳይለካ ይነካል። አስር ነገር በአንድ ቀን ይቀይራል፤ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ አያውቅም። አንተም ያደረግከው ይህን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ማሽኑ ይናገር።

ማንጎሃድ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። ጌሙ ላይ በስክሪኑ ጥግ ኤፍፒኤሱን (ፍሬም በሴኮንድ)፣ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ፣ የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) እና የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ጭነትን፣ ሙቀትን፣ የራምና የቪዲዮ ሜሞሪ አጠቃቀምን ያሳይሃል። ማስተካከያ ፋይል መጻፍ ካስቸገረህ ጎቨርሌይ የሚባለው መተግበሪያ በመስኮትና በቁልፍ ያስተካክልልሃል። ጭነህ የጌሙን አንድ ቦታ ምረጥ፤ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ ሂድ። አምስት ደቂቃ ተጫወትና ተመልከት።

ንባቡ እንዲህ ነው። ጂፒዩው ከ95 እስከ 99 ከመቶ ላይ ከተጣበቀ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ካርዱን ነው። ይህ ጤናማ ሁኔታ ነው። ያኔ የሚረዳህ የስዕል ጥራትን ወይም ሬዞሉሽንን መቀነስ ብቻ ነው፤ የፕሮሰሰር ማሻሻያ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። ጂፒዩው ግን 60 ከመቶ ላይ እየተንጠለጠለ ኤፍፒኤሱ ዝቅ ካለ፣ ካርዱ ሥራ አጥቶ ቆሟል። የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን ወይም ዲስኩን ነው። እዚህ ላይ ሬዞሉሽን ብትቀንስ ለውጥ አታይም። ሰዎች «ሁሉንም ወደ ዝቅተኛ አወረድኩት፣ ያው ነው» የሚሉት ለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። የሲፒዩውን ጠቅላላ መቶኛ አይተህ «ፕሮሰሰሬማ 30 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» አትበል። የአንተ ዓይነት ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ስምንት ስሬድ (ጎን ለጎን ሥራ የሚካሄድበት መስመር) አለው። ከስምንቱ አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ላይ የሚታየው 12.5 ከመቶ ነው። ብዙ ጌሞች ደግሞ ዋናውን ሥራ አንድ ስሬድ ላይ ነው የሚከምሩት። ማንጎሃድ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እንዲያሳይህ አድርገው።

ሌላው ማየት ያለብህ የፍሬም ጊዜ ነው። ለእኔ ከኤፍፒኤሱ ይበልጣል። 60 ኤፍፒኤስ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል ማለት ነው። 40 ደግሞ 25 ሚሊሴኮንድ ነው። መስመሩ 25 ላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጌሙ ለዓይን ለስላሳ ነው። አማካዩ 50 ሆኖ በየመሀሉ አንድ ፍሬም 200 ሚሊሴኮንድ ከወሰደ ግን ስታክ ያደረገ ይመስልሃል፤ አማካዩ ይህን ይደብቀዋል። አንተ መጀመሪያ ላይ ያማረርክበት ይህ ነው። መንስኤውም ከዝቅተኛ ኤፍፒኤስ መንስኤ ይለያል።

የስታክ ዋናው መንስኤ ሼደር ነው። ትንሽ ላብራራው፤ ሊኑክስ ላይ የጌምን ጠባይ የሚወስነው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነውና። ጌምህ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ስዕል የሚያዘው በዳይሬክትኤክስ ቋንቋ ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ላይ የቆመ ነው። ዋይን ራሱ ከ1993 ጀምሮ የተለፋበት ሥራ ነው። ፕሮቶን ውስጥ ዲኤክስቪኬ የሚባለው ክፍል እስከ ዳይሬክትኤክስ 11 ያለውን ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን ወደሚባለው የስዕል ማዘዣ ቋንቋ ይተረጉማል። ዳይሬክትኤክስ 12ን የሚተረጉመው ደግሞ ቪኬዲ3ዲ-ፕሮቶን ነው። ትርጉሙ ራሱ ብዙ አያስከፍልም። የሚያስከፍለው ሼደሮቹ ናቸው። ሼደር ማለት ብርሃንን፣ ጥላን፣ ውኃን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ካርድህ በሚገባው ቋንቋ መገንባት አለበት። አዲስ ፍንዳታ፣ አዲስ ክፍል፣ አዲስ ጠላት ስክሪኑ ላይ በመጣ ቁጥር ያልተገነባ ሼደር ካለ ጌሙ እስኪገነባ ይቆማል። ያቺ ቅጽበት ናት ስታክ የምትለው።

መፍትሔው በአብዛኛው በእጅህ አለ። ስቲም ጌሙን ከመክፈቱ በፊት የቩልካን ሼደሮችን እያዘጋጀሁ ነው የሚልበት ሳጥን አለ። ብዙ ሰው ይቸኩልና ዝለል ይለዋል። አትዝለለው፤ ይጨርስ። ሁለተኛ፣ አዲስ ፕሮቶን ተጠቀም። ዲኤክስቪኬ በ2022 ከወጣው ሁለተኛ ትውልዱ ጀምሮ፣ ድራይቨሩ ከደገፈው፣ አብዛኛውን ሼደር ጌሙ በሚጫንበት ሰዓት አስቀድሞ ይገነባል። የኤንቪዲያ አዳዲስ ድራይቨሮች ይህን ይደግፋሉ። ሦስተኛ፣ ድራይቨር ባዘመንክ ቁጥር የተጠራቀመው ሼደር እንደ አዲስ ስለሚገነባ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አይተህ አትፍረድ። በዚያች ሰዓት የሚታየው ስታክ ዘላቂ አይደለም።

ሁለተኛው የስታክ ምንጭ ዲስክህ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የምትጋራው ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) ሳይሆን አይቀርም። ጌሞችህን ከዚያ አውጣቸው። ብዙ ስርጭቶች (እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) ኤንቲኤፍኤስን የሚያነቡት ከከርነሉ ውጭ በሚሠራ ድራይቨር ነው። እሱ ለፎቶና ለሰነድ ጥሩ ነው፤ ጌሙ በየሰከንዱ ፋይል ሲጠይቀው ግን ከጌሙ ጋር ለፕሮሰሰር ይሻማል። ፕሮቶን ራሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም በሚፈጥረው ማህደር ውስጥ ዊንዶውስ በፋይል ስም የማይፈቅዳቸውን ምልክቶች ይጠቀማል፤ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ይህ ፋይሎችን እስከማበላሸት ሊደርስ ይችላል። ዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻው በርቶ ከተዘጋም ዲስኩ ሊኑክስ ላይ የሚነበብ ግን የማይጻፍበት ሊሆን ይችላል። ጌሙን ሊኑክስ ያለበት ኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት) ክፍል ላይ ጫነው፣ ከተቻለ ኤስኤስዲ ላይ። ቦታ ከጠበበህ የምትጫወተውን አንዱን ብቻ አዛውር። ዲስኩን ፎርማት ለማድረግ ካሰብክ ግን መጀመሪያ ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ቅዳ።

ኃይልና ሙቀት ላይ አልዘገይም፤ ሳትፈትሸው ግን አትለፈው። ቻርጀር ሳይሰካ ጌም አትፈትን፤ 1650ው በባትሪ አቅሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ኡቡንቱ ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ካለው ማውጫ የኃይል ሁኔታውን ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም አድርገው። ከዚያ ማንጎሃድ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት አብረህ ተመልከት። ሙቀቱ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ፣ ማሽኑ ራሱን ከቃጠሎ እያዳነ ነው። የትኛውም ሶፍትዌር ይህን አያስተካክልም። የአየር መግቢያውን ከአቧራ አጽዳ፣ አልጋ ላይ አታስቀምጠው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩና ካርዱ አንድ የማቀዝቀዣ ቱቦ ስለሚጋሩ አንዱ ሲግል ሌላውም ይዳከማል። ኤፍፒኤሱን መገደብ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። ካርዱ 55 እና 35 መካከል ሲዘል ከማየት 45 ላይ ብትገድበው ሙቀቱም ይወርዳል፣ እንቅስቃሴውም ይለሰልሳል።

በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ አታውርድ። ጥላ፣ ጭጋግና ነጸብራቅ ካርዱን በጣም የሚበሉ ናቸው፤ ሲቀነሱ ግን ብዙም አይታወቁም። ከነሱ ጀምር። የእይታ ርቀትና ጌሙ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ብዛት የሚከብደው ፕሮሰሰሩን ነው፤ ጂፒዩው ሥራ ፈትቶ ካየኸው እነዚህን ቀንስ። ቴክስቸር ከቪዲዮ ሜሞሪ ጋር የተያያዘ ነው። አንተ 4 ጊጋባይት ብቻ አለህ። ማንጎሃድ ላይ ቁጥሩ ወደ 4 ከተጠጋ ቴክስቸሩን ወደ መካከለኛ አውርደው። ሜሞሪው ሞልቶ ሲፈስ ኤፍፒኤሱ ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ገደል ይገባል። ከዚህም በላይ ከፈለግክ ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1600 በ900 አድርገው። ካርዱ የሚሠራው የነጥብ ብዛት ከ2,073,600 ወደ 1,440,000 ይወርዳል፤ 30 ከመቶ ያህል እፎይታ ነው። ጌሙ ኤፍኤስአር የሚባለው ስዕል ማሳደጊያ ካለው ግን ሬዞሉሽኑን ከመንካት እሱን አብራ። ጽሑፉ ጥርት እንዳለ ስዕሉን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ያሳድግልሃል።

አንድ ገደብ በግልጽ ልንገርህ። ጌምህ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚጠቀም ከሆነ፣ ኤንቪዲያ ካርድ ሊኑክስ ላይ ከዊንዶውስ ጉልህ በሆነ መጠን ዝቅ ብሎ ሊሠራ ይችላል። ይህ የታወቀ ችግር ነው፣ የአንተ ጥፋት አይደለም። ጌሙ በዳይሬክትኤክስ 11 የመነሳት ምርጫ ካለው ሁለቱንም ለካቸው። ለሊኑክስ የተሠራ ቅጂ ያለው ጌምም ሁልጊዜ ከፕሮቶኑ አይበልጥም። የቆየና የተተወ የሊኑክስ ቅጂ በፕሮቶን ከሚሠራው የዊንዶውስ ቅጂ ሲያንስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ጌምሞድ። መጥፎ ነገር አይደለም፣ አቆየው። ጌሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዳይቆጥብ ይጠይቃል፣ ጌሙ ሲዘጋ ሁሉን ይመልሳል። የኃይል ሁኔታህን አስቀድመህ ከፍተኛ ካደረግከው ግን ብዙ አይጨምርልህም። ካርዱ 98 ከመቶ ላይ ከሆነ ደግሞ ምንም አይጨምርም።

ስለ ልዩ ከርነሎችም በቪዲዮው ያየኸው ነገር አሳስቶህ ይሆናል። ከርነል 6.14 ላይ የገባው ኤንቲሲንክ ዋይን የዊንዶውስን የስሬድ አጠባበቅ በትክክል እንዲመስል የሚያደርግ ጥሩ ሥራ ነው። በየቪዲዮው የሚዞሩት አስደናቂ ቁጥሮች ግን የተነጻጸሩት ምንም ማፍጠኛ ከሌለው ተራ ዋይን ጋር ነው። ፕሮቶን ኤፍሲንክ የሚባል ሌላ መንገድ ለዓመታት ሲጠቀም ቆይቷል፤ የሚያስፈልገውም ድጋፍ ከርነል 5.16 ላይ ገብቷል። ስለዚህ ከፕሮቶን ጋር ሲተያይ የሚገኘው ልዩነት በአብዛኛው ጌም ላይ ትንሽ ነው። ትንሽ ለማግኘት ድራይቨርህን አጣህ።

ወደ ሌላ ስርጭት የመዛወሩም ነገር እንዲሁ ነው። ለጌም ተብለው የሚቀርቡት ስርጭቶች ያው ከርነል፣ ያው ድራይቨር፣ ያው ፕሮቶን ናቸው። ልዩነታቸው ነገሮቹ አዳዲስ መሆናቸውና አስቀድመው መስተካከላቸው ነው። ቅርብ ጊዜ የወጣ የኤኤምዲ ወይም የኢንቴል ካርድ ለገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የነዚህ ካርዶች ድራይቨር ሜሳ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ከስርጭቱ ጋር ስለሚመጣ፣ የቆየ ስርጭት የቆየ ድራይቨር ማለት ነው። 1650 ግን ዕድሜ ያለው፣ በደንብ የሚታወቅ ካርድ ነው። ስርጭት ብትቀይር እነዚሁን ችግሮች ይዘህ ነው የምትሄደው፤ ዲስኩም ራሙም ያው ናቸው።

ካንተ ያነሰ ማሽን ይዘው ይህን ለሚያነቡም አንድ ነገር ልበል። የአሁኑ ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 ይፈልጋል። አብዛኞቹ የኤንቪዲያ 600 እና 700 ተከታታይ ካርዶች የመጨረሻ ድራይቨራቸው 470 ሲሆን የሚደርሰው እስከ ቩልካን 1.2 ነው። እነዚህ ላይ አዲስ ፕሮቶን ማሳደድ ኪሳራ ነው፤ ፕሮቶን 7 ይሻላቸዋል።

የማይከፈተው ኦንላይን ጌም ጉዳይ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። የማጭበርበር መከላከያው ነው። ኢዚ አንቲ-ቺት እና ባትልአይ ከ2021 ጀምሮ በፕሮቶን መሥራት ይችላሉ፤ ግን የጌሙ ሠሪ ፈቅዶ ሲያበራው ብቻ ነው። ያላበሩት አሉ። እንደ ቫሎራንት ያሉት ደግሞ ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚገባ መከላከያ ስለሚጠይቁ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የጌምህን ስም ፈልግ፤ ሌሎች ተጫዋቾች ምን እንደገጠማቸው ታያለህ። መከላከያውን ለማታለል የሚቀርቡ ዘዴዎችን ግን አትሞክር። አካውንትህ ሊታገድ ይችላል፤ የዓመታት ልፋትህ አብሮ ይሄዳል። ለዚያ ጌም ዊንዶውሱን አቆየው። ይህን በማድረግህ የሚጎድልብህ ነገር የለም።

እንግዲህ የማደርገው እኔ ብሆን ይህ ነው። ዛሬ ወደ ኡቡንቱ ከርነል ተመለስ፣ ድራይቨሩን አረጋግጥ፣ ስዋፑንና መከላከያዎቹን መልስ። ነገ አንዱን ጌም ከኤንቲኤፍኤሱ አውጥተህ ኢኤክስቲ4 ላይ ጫን፣ ሼደሩ ተዘጋጅቶ ይለቅ፣ ማንጎሃድ አብርተህ ለካ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ጻፈው። ጂፒዩው 97 ከመቶ ላይ ሆኖ 48 ካገኘህ እዚያው ላይ ጥራት ቀንስ ወይም 45 ላይ ገድበህ ተጫወት። ካርዱ ያለውን ሁሉ እየሰጠህ ነው። ጂፒዩው አሁንም ሥራ እየፈታ፣ ራሙ 8 ላይ እየሞላ ከሆነ ግን ተጨማሪ ሶፍትዌር አትፈልግ። የላፕቶፑን ጀርባ አስከፍተህ ያለው ራም አንድ ዱላ (ስቲክ) ብቻ መሆኑን እይ። አንድ ከሆነ ተመሳሳይ 8 ጊጋባይት ጨምርበት። መጠኑ ከመጨመሩ ሌላ፣ ሁለት ዱላ ጎን ለጎን ሲሠራ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። ገንዘብ የምታወጣበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።